ለአንድ ሻንሲ የተሠራ አክስል

ሊዲያ የሻንሲውን ጠርዝ በምላጭ እየላጠች ነበር። ከማሽን ትኩሱን የወጣ ፕላስቲክ ዙሪያውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ትርፍ ይዞ ይመጣል፤ ያ ካልተነሣለት ጡብ ከጡብ አይነክስም። ምላጩን አጋድማ፣ ቡልቻ እንዳሳያት፣ ከራሷ ወደ ውጭ ትገፋዋለች። ትርፉ እየተጠቀለለ ጠረጴዛዋ ላይ ይወድቃል። የቀሯት ሁለት ናቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐጂ ታጁ ይመጣሉ።

አቃቂ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው ይህ ፋብሪካ የአባቷ የአቶ ፈቀደ ነው። ሃያ ዓመት ባልዲና ጀሪካን ሲያመርት ኖሮ አሁን መጫወቻ ሊያመርት ነው፤ ልጆች እየገጣጠሙ መኪና የሚሠሩባቸው የፕላስቲክ ጡቦች። ሐሳቡ የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ የሚቆረጥበት የሞልድ ክፍል ሠራተኛ የሆነው የቡልቻ ነው። ሦስት ሻንሲ ነደፈ፦ አጭሩ ለላዳ፣ መካከለኛው ለሚኒባስ፣ ረጅሙ ለአይሱዙ። ከሥራቸው የሚገባው አክስል ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ሁለት ጎማ፣ በመካከላቸው ዘንግ፣ ከዘንጉ ላይ በሻንሲው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቀጭ የሚል እግር። ልጁ የአይሱዙን ጎማ ነቅሎ ለላዳው ቢሰጠው ላዳው እንቢ ማለት የለበትም። ቀዳዳው አምስት ሚሊሜትር፣ እግሩ ከአምስት አንድ አሥረኛ የጎደለ። ቡልቻ ለዚችው አንድ አሥረኛ ዐሥራ አንድ ወር ከቶርኖው ማሽን ሥር አልተነሣም። ከጠበቀ ልጁ ያለቅሳል፣ ከላላ የገዛችለት እናቱ ታለቅሳለች ይል ነበር።

ሐጂ ታጁ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው እሺ ካሉ ቡልቻ የሞልድ ክፍል ኃላፊ እንደሚሆን አባቷ በሠራተኛው ፊት ተናግሯል። ኃላፊ ከሆነ ደግሞ እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ይህን ቀጠሮ የቆረጠችው ሊዲያ ናት። በቡልቻ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ ዓምና ገብተው ነበር። የዘበኛ ልጅ ላከ ከሚባል የክፍል ኃላፊ ላከ ይባል ብላ ያስቆመችው እሷ ናት። ይህን ስትለው ፊቱ እንዴት እንደሆነ አይታለች፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም። የፋብሪካው በር ጠባቂ አባቱ ናቸው። አባባ ዱጉማ፣ ኮዬ ፈጬ ላይ ኮንዶሚኒየሙ ሳይቆም፣ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩ ነበር። አሁን የሰው መኪና ሲመጣ በር ይከፍታሉ፣ ሲያልፍ ይዘጋሉ።

ከኮምፒዩተሯ አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ ቆማለች። ለሚያያት ከናሙናዎቹ አትለይም። ቡልቻ የሰጣት በጥቅምት አቦ ዕለት ሳሪስ ላይ ነው፤ ታቦቱ ወጥቶ ሰው ሲተራመስ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆመው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጇ ላይ አኖረላት። የዚችን አክስል እግር አወፈርኩት አላት፤ የሻንሲዋንም ቀዳዳ በዚያው ልክ አሰፋሁት፤ የሌላ ጎማ ለእሷ አይሆንም፣ የእሷም ለሌላ። ሊዲያ ሳቀችበት። ዓመት ሙሉ ሁሉም ከሁሉም ይግጠም እያለ ሲለፋ የኖረ ሰው ሥራውን በገዛ እጁ አፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

«ሁሉም ነገር ይቀያየር» አላት። «አንድ ነገር ብቻ አይቀያየር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚኒባሷ ጠረጴዛዋ ላይ ትውላለች። ማንም አይጠይቃትም፤ መጫወቻ ሊያመርት ባለ ፋብሪካ ውስጥ መጫወቻ ምን ይገርማል።

አባቷ የናሙናውን ካርቶን ታቅፎ ገባ። አዲሱን ከረባቱን አስሯል፤ ሲደነግጥ እንደሚያደርገው አንገቱን እያሻሸ ነው። የላጠቻቸውን ሻንሲዎች አገላብጦ አየና ካርቶኑ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሚኒባሷን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዛት።

«ይቺስ እዚህ ምን ትሠራለች?»

ሊዲያ ለእኔ ናት፣ እዚሁ ትቅር አለችው። አባቷ በዚህ ዕድሜሽ በመኪና ልትጫወቺ ነው ወይ ብሎ ሳቀባትና ካርቶኑ ውስጥ ጣላት። የዚያን ጊዜ ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ እሷ ከእነዚያ ጋር አትሄድም፣ ልኳ ሌላ ነው። ግን ይህን ካለች ለምን ተባለ፣ ለምን ከተባለ ማን ሠራት፣ ማን ሠራት ከተባለ ለማን የሚለው ይመጣል። ቃሉን ዋጠችው። ደግሞስ ማን ይፈታታል፣ ሐጂ አይተዋት ያልፋሉ ስትል ራሷን አጽናናች።

ያም ሆኖ አባቷ ፊቱን እንዳዞረ ወደ ማሽኑ አዳራሽ ሮጠች። በማሽኑ ጩኸት መሐል እየተጣራች ቡልቻን ስትጠይቅ፣ ባልዲ የምትደረድረው ድንቅነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

«ሻወር ቤት ነው እቴ። ዛሬ ሙሽራ ሆኖ የለ እንዴ፣ የሁላችንንም ሳሙና ጨረሰው።»

ሴቶቹ ተያይዘው ሳቁ። ሊዲያም አብራ ልትስቅ ሞከረች። በዚያው የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ የበሩ ብረት ሲንሸራተት፣ አባቷም ስሟን ሲጠራ። ሻወር ቤቱ ሃያ እርምጃ ነው። እዚያው ቆማ ሃያ እርምጃውን በዓይኗ ለካችውና ወደ ጠራት ሄደች፤ ልቧ ግን ከእሷ ጋር አልተመለሰም።

ሐጂ ታጁ የቀረበላቸውን ውኃ ጠጥተው፣ ዱዓ አድርገው፣ ጠረጴዛው ላይ የተሰለፉትን ዘጠኝ መኪናዎች አዩ። መልካም፣ ቆንጆ ናቸው አሉ። አቶ ፈቀደ ደስ ብሎት ስለ ዋጋ ሊጀምር ሲል ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ የመርካቶ ሰው ነኝ፤ የተደረደረ ዕቃ አላምንም» አሉ። «ልጅ እንደዚህ አሰልፎ አይጫወትም። ማዳበሪያ የለህም?»

ባዶ ማዳበሪያ መጣላቸው። ዘጠኙንም መኪና በገዛ እጃቸው ፈታቱ፤ ጡቡን፣ ሻንሲውን፣ አክስሉን አንድ ላይ ማዳበሪያው ውስጥ ሞጀሩና አፉን ጨብጠው እንደ ሽምብራ ናጡት። መጫወቻ ሲረከቡ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ይህን ሙከራ ያለፈ ዕቃ ተመልሶ መጥቶባቸው አያውቅም። ቡልቻ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩ እንደ ረጠበ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ፈገግ ብሏል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር የሚፈልገው፤ ሥራው የተሠራው ለዚህ መናጥ ነው። ሚኒባሷ ማዳበሪያው ውስጥ መኖሯን አላወቀም። ሊዲያ ዓይኑን ለመያዝ ሞከረች፤ እሱ የሐጂን እጅ እያየ ነበር።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጣሉ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይገጥማሉ። አይሱዙ፣ ቀጭ። ላዳ፣ ቀጭ። አምስት መኪና እንዲህ አለፈ። በስድስተኛው የሚኒባስ ሻንሲ ያዙ፣ አክስል ከተቱለት፣ ከፍ አደረጉት። ጎማዎቹ ወድቀው ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለሉ። ሐጂ ሳቁ፤ ሌላ አክስል ሞከሩ፤ እሱም ወደቀ። ያን ሻንሲ ወደ ጎን አድርገው ረጅሙን አነሡና ከማዳበሪያው ያወጡትን አክስል በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አልገባ አለ። ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ሻንሲው ከመካከሉ ተሰነጠቀ።

ያኔ ቡልቻ የተሰነጠቀውን ሻንሲ አላየም። ሊዲያን አየ። በዚያች በአንድ አፍታ ሚኒባሷ እንዴት እዚህ ልትደርስ ቻለች ብሎ በዓይኑ ጠየቃት፤ እሷም ዓይኗን ስትሰብር መልሱን አገኘው።

ሐጂ የልክ መለኪያ ካሊፐር ጠየቁ። ቡልቻ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። የአክስሉን እግር ለኩ፣ የሻንሲውን ቀዳዳ ለኩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ስህተት አይደለም» አሉ። «ስህተት ቢሆን አንደኛው ይስታል። ይሄ ሁለቱም እኩል ነው የሳቱት። አስቦ የሠራው ሰው አለ።»

ለቡልቻ በጎ የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ ልጁ ልክ ያውቃል ማለታቸው ነው። አቶ ፈቀደ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ ወይም ሌላ ለመስማት መረጠ። ሁለተኛ ልክ በድብቅ አውጥተህ ለማን ልትሸጥ ነው አለው። ስንት ሠራተኛ የንድፍ ሥዕል ሰርቆ ለጎረቤት ፋብሪካ እንዳቀበለ ቆጠረለት። ቡልቻ ለማንም አይደለም፣ ለራሴ ነው የሞከርኩት አለ። አቶ ፈቀደ በእኔ ፕላስቲክ፣ በእኔ ማሽን፣ በእኔ መብራት ለራስህ ትሞክራለህ ወይ ብሎ ጮኸ፤ ከዚህ ወደ ማረሚያ ቤቱ ታክሲ እንደማያስፈልግ፣ በእግር እንደሚደረስ ነገረው። አቶ ፈቀደ ወደ ሊዲያ ዞረ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ሊዱ፣ ይቺን መኪና ያገኘኋት አንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማን ነው ያስቀመጣት?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አያት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃት። ለእኔ ነው የሠራልኝ ብትል ሌብነቱ ይቀራል፣ ማረሚያ ቤቱም ይቀራል። የሚመጣው ሌላ ነው፤ የእናቷ ዝምታ፣ የአክስቶቿ ስልክ፣ በር በሚከፍቱላት ዘበኛ ልጅ ስም መጠራት፣ ዛሬ፣ በእንግዳ ፊት፣ ሳትዘጋጅበት። እሑድ ቢሆን ትችለው ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ቢሆን።

«እሱ ነው ያስቀመጣት» አለች። «ናሙና ነው ብሎኝ ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም፣ አባዬ።»

ሐጂ ታጁ ረዘም አድርገው አዩዋት። ከዚያ ሳያስበው የሰው ገላ እንዳየ ሰው ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ።

አቶ ፈቀደ ዱጉማን ጥሩልኝ አለ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ዱጉማ፣ ልጅህ ሌባ ሆኖልሃል አላቸው፤ በዕድሜ ዐሥር ዓመት የሚበልጡትን ሰው። ምን ሰረቀ ብለው አልጠየቁም። ጉልበታቸው መሬት ነካ። ይማሩት ጌታዬ፣ ልጅ ነው፣ የእኔን ደሞዝ ይቁረጡ እያሉ የአቶ ፈቀደን ጫማ ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። አቶ ፈቀደ እግሩን ሰበሰበ፤ ተነሥ ግን አላላቸውም። ያኔ ከወለሉ ላይ ቀና ብለው ሊዲያን አዩ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር በይለት እስቲ።»

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፣ አባባ» አለች ሊዲያ። «የሞልድ ክፍልን ነገር አላውቅም።»

ቡልቻ ከግድግዳው ተነሥቶ አባቱን በብብታቸው ያዘ፤ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲነሡ ነገራቸው። ሽማግሌው ቆሙ። ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ አለ ቡልቻ፤ አባቴ የሚያውቀው ነገር የለም። ወደ ሊዲያ ሳያይ፣ እሷም አታውቅም ሲል ጨመረ። ሊዲያ ዳነች። መዳን እንዲህ የሚያቃጥል ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አልቀመሰችውም።

ሐጂ ሲወጡ የሰማያዊዋን ሚኒባስ ሻንሲና አክስል ለቃቅመው፣ በራሷ ልክ ገጥመው፣ መዳፋቸው ላይ አንዴ አንከባለሏት። ደህና አድርጋ ሄደች። ይቺን ልውሰዳት አሉ፤ አቶ ፈቀደ ይውሰዷት ሐጂ፣ ለቆሻሻ ናት አለ። መኪናዋ ኪሳቸው ውስጥ ስትገባ ሊዲያ አየች።

አባቷ ካባረረው በኋላ ቡልቻን ያገኘችው ከጓሮ፣ ከውኃው ሮቶ ሥር ነው። ቱታውን እያጠፈ ነበር፤ መጀመሪያ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ከዚያ እግሩን፣ እንደ አዲስ ልብስ። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሠኝ አለችው። አባዬ ሲበርድለት ሁሉንም እነግረዋለሁ፣ እናቴን አስቀድማለሁ፣ ደንግጬ ነው፣ እንግዳ ፊት ሆኖብኝ ነው። ብዙ ተናገረች። እሱ ቱታውን አጥፎ ጨረሰ።

«ሽማግሌዎቹን ደውዬ አስቀርቻቸዋለሁ» አላት።

«ስለዚህ እንደዚህ በቀላሉ ተውከኝ ማለት ነው?»

ቡልቻ ይህን ስትል አያት፤ የማያውቀውን ሰው ስም ጠርታ የጠየቀችው ይመስል።

«ዝም ትያለሽ ብዬ ነበር» አለ። «ስትፈሪ አውቅሻለሁ፤ ዝምታሽን ቆሜ እችልልሽ ነበር። አንቺ ግን ተናገርሽ። ደግሞ አልተንተባተብሽም።»

ሊዲያ እጁን ልትይዝ ቀረበች። እጁን አልነጠቃትም፤ ቱታውን ነው የሰጣት። ለዕቃ ቤት አስረክቢልኝ አላት። ከዚያ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

«አባቴ መሬቱ ሲሄድ ቆሞ ነው የፈረመው፣ ሊዲያ። ያኔ እንኳ አልተንበረከከም።»

ይህን ብሎ በጓሮው በር ወጣ። ቱታው ገና የእጁን ሙቀት ይዞ ነበር፤ እቅፍ አድርጋ ቆማ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲለቃት ተሰማት።

በማግሥቱ ጠዋት በሩን የከፈቱላት አባባ ዱጉማ ናቸው። ልጃቸው ሲባረር እሳቸው ቀርተዋል፤ የት ይሄዳሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርሽ ልጄ ሲሏት የኖሩት ሰው ዛሬ ከመንገዷ ገለል ብለው ኮፍያቸውን አነሡላት፣ ለአባቷ እንደሚያነሡት።

ከሰዓት በፊት ሐጂ ታጁ ደወሉ። ማዳበሪያውን ሌሊት በልባቸው ሲንጡት አድረው ነበር፤ ከአንዷ በቀር ሌላው በሙሉ እንከን የለውም፣ ለበዓል አድርሱልኝ አሉ። ያን ልጅ ግን እንዳትለቀው ሲሉም አቶ ፈቀደን መከሩት። አባቷ ስልኩን ዘግቶ ወደ ቢሮዋ መጣ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ነው። ሥዕሉ እኛ ጋ ነው አለ፤ ሞልዱም ተቆርጦ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ ማንም ቶርኖ የሚያውቅ ሰው ይሠራዋል። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሌባ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አላት። «ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ሊዲያ ቀና አለች።

እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ከሳምንት በፊት ሰምቼአለሁ አላት። የነገሩት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፤ ሳይዘጋጅ እንዳይደናገጥ ብለው። መኪናዋንም ጠረጴዛዋ ላይ ሲያያት የማን እጅ ሥራ እንደሆነች አውቋል፤ ያነሣት ምን ትላለች ብሎ ነው። ልኳ የተለየ መሆኑን ግን አላወቀም ነበር። ይህን ሁሉ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ በዝግታ ነገራት።

«ብትናገሪ ኖሮ ምን እንደምመልስልሽ አላውቅም ነበር» አለ። «ስንት ቀን አስቤበት ቁርጥ አልልኝ ብሎ ነበር። አንድ ልጅ ነሽ፤ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ብትይኝ እሺ የምል ይመስለኛል። አላስቸገርሽኝም።»

ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እንደሚያመሰግናት ገባት። ከሁሉም የከፋው ጉሮሮዋ ላይ የመጣው ነው፤ የታፈነ ጩኸት ሳይሆን፣ ለምን ትናንት አልነገርከኝም የሚል የልጅ ቅሬታ። ትናንት ብታውቅ ኖሮ ትናገር ነበር። እሺ እንደሚላት አውቃ ብትናገር ምን ዋጋ እንዳለው ማሰብ ጀመረችና አቆመች።

አባቷ ሲነሣ የቡልቻን ደብዳቤ ጻፊ አላት። በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ በይ፣ የአንቺም ስም አይነሣ፣ ሌብነቱም አይነሣ፣ ሰው አልጎዳም።

ሊዲያ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። ለሚለቅ ሠራተኛ ሁሉ የሚያገለግል አንድ ቅጽ አላቸው፤ ስምና ቀን ብቻ ነው የሚቀያየረው። አቶ ቡልቻ ዱጉማ ብላ ጻፈች። በሞልድ ክፍል። የገባበትን ቀን ከማኅደሩ አይታ ሞላች። የመጨረሻው መስመር ቅጹ ላይ ያለ ነው፤ «በሥራ ዘመናቸው ታታሪና መልካም ሥነ ምግባር የነበራቸው መሆኑን እንመሰክራለን» ይላል። ሰክሮ መኪና ለገለበጠው ሾፌር እንኳ ይህ መስመር ወጥቶለታል። አባቷ ከኋላዋ ቆሞ አነበበ።

«ያቺን አውጪያት» አለ። «ነገ ይዟት መጥቶ ካሣ ይለኛል።»

ሊዲያ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አቀለመችና ሰረዘችው። ባዶ ቦታ ተረፈ፤ ከሥር ያለውን ፊርማ ወደ ላይ ሳበችው፤ የጎደለ ነገር እንዳለ አያስታውቅም። ሁለት ቅጂ አተመች። አባቷ ፈረመ። ማኅተሙን ከፊርማው ጠርዝ ጋር እንዲነካካ አድርጋ መታችው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት፣ አንዱን ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ አያያዘች፣ ሌላውን ሦስት ቦታ አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተች። ፖስታው ላይ ስሙን ጻፈችና ወጪ ደብዳቤ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ፣ ከመብራት ኃይሉ ማመልከቻ ላይ፣ አኖረችው።